ከሀገር ቤት ይዤው መጣሁ ያልኩት ትኩሳት

«ሀናንዬ፣ ምን እንዳናደርግሽ ነው እንዲህ የፈራሽን?»

ይህን የጠየቀችኝ የእናቴ ታላቅ እህት እቴቴ ዘይነባ ናት። ወሎ ውስጥ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ቤቷ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ወተት የሚንፈቀፈቅበት ድስት በጨርቅ ይዛ። ሳቅ ብዬ ሆዴ ወተት አይወድም አልኳትና ወደ ስልኬ ተመለስኩ። ውሸቴን ነው። ጅዳ ቤታችን ውስጥ ወተት የምጨርሰው እኔ ነኝ።

የምጽፈው ከዚያ ጉዞ በኋላ ስለያዘኝ ሕመም ነው። ግን ከድስቱ ካልጀመርኩ ነገሩ አይያያዝም። ለእኔም ገና ሙሉ በሙሉ አልተያያዘልኝም፤ አሁንም እየጻፍኩ «ቆይ፣ ይሄ መቼ ነበር?» እያልኩ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ትኩሳት ያለበት ወር ጭንቅላት ውስጥ በቅደም ተከተል አይቀመጥም።

ያደግኩት ጅዳ፣ በግዳዲያ የሚባል ሰፈር ነው። አባቴ ኤሲ ይጠግናል። እናቴን ኡሚ ነው የምላት፤ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ሀገር ቤት ማለት ለእኔ በስልክ የሚመጣ ድምፅ ነበር፤ መሀል ላይ የሚቆራረጥ፣ ሁሌ ስለ ጤናዬ የሚጠይቅ። በኮምፒውተር ስመረቅ አባቴ ስጦታ ነው ብሎ ዒድን ወሎ እንድናደርግ ለእኔና ለኡሚ ትኬት ቆረጠልን።

እኔም መዘጋጀት ጀመርኩ። እዚህ ያደጉ የሀበሻ ልጆች ያሉበት የዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ ምን ልያዝ ብዬ ብጠይቅ ሁሉም የየራሱን የሆድ ታሪክ ዘረገፈው። አንዷ ሳምንት ሙሉ ከሽንት ቤት ደጃፍ ሳትርቅ እንደከረመች፣ አንዱ ጁስ ውስጥ በገባች በረዶ ብቻ እንደወደቀ። ማጣሪያ ያለው የውሃ ጠርሙስ ገዛሁ፣ የውሃ ማከሚያ ክኒን፣ እርጥብ ሶፍት፣ የእጅ አልኮል፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ አጎበር፣ የትንኝ ቅባት፣ ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት፣ የራሴ አንሶላ፣ የራሴ ኩባያ፣ የራሴ ማንኪያ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ካርቶን ቱና። ኡሚ የተከፈተውን ሻንጣ እያየች «ዘመድ ልንጠይቅ ነው ወይስ ልንዘምት?» አለችኝ።

ዝግጅቱ አልከፋም፤ ይህን መካድ አልፈልግም። መብራት በየቀኑ ማለት ይቻላል ይጠፋል፣ ውሃ ከቦኖ በጀሪካን ነው የሚመጣው፣ ሽንት ቤቱ ከቤቱ ራቅ ብሎ ጓሮ ውስጥ ነው። ባትሪዬን ጎረቤት ሳይቀር ተውሶታል። ቦታው ቆላ ቀመስ ስለሆነ አጎበሩም ሥራ አልፈታም። ስለዚህ ከዚህ ለምትሄዱ፣ አትዘጋጁ አልላችሁም። ተዘጋጁ።

የከፋው የእኔ አያያዝ ነው። እቴቴ ሻይ ስትቀዳ እኔ እንግዳ ሁሉ እያየኝ ከቦርሳዬ የራሴን ኩባያ አወጣለሁ። የተጠቀለለ ማንኪያዬን እፈታለሁ። እንጀራውን ትኩስ ከሆነ እበላለሁ፣ ካደረ በሶፍት ሸፍኜ አስቀምጠዋለሁ። ትልቁ ልጇ ሰይድ አስተማሪ ነው፤ «ምን ትይዋለሽ፣ ላቦራቶሪ ይዛ የመጣች ዘመድ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እቴቴ ግን አትስቅም።

አንዲት ላም አለቻቸው። መንደሩ ውስጥ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስተምራቸው ያ ቤት ውስጥ ወተት ሳይፈላ አይጠጣም። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት እቴቴ በብርጭቆ አመጣችልኝ። ፈልቷል ወይ አልኳት፣ ፈልቷል አለች፣ በኋላ እጠጣለሁ ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ድስቱን ራሱን ከእሳት ላይ አንስታ ደጃፍ ድረስ ይዛልኝ መጣች፤ አረፋው ሲነሳ በዓይኔ እንዳየው። አየሁ። ጥቀርሻ የለበሰውን የድስቱን ቂጥም አየሁ፣ የተሰነጣጠቀ እጇንም አየሁ፣ ደጃፉ ላይ ያለችውን ዝንብም አየሁ። አልጠጣሁም። ያኔ ነው ከላይ የጻፍኩትን የጠየቀችኝ።

አሥራ ሁለት ቀን ቆይተን ተመለስን። አንድ ቀን እንኳ ሆዴን ሳያመኝ። አውሮፕላን ውስጥ ለኡሚ አየሽ፣ ዝግጅት ማለት ይሄ ነው እያልኩ እጎርር ነበር። እሷ፣ እቴቴ የሰጠቻትን የማር ጀሪካንና የተነጠረ ቅቤ በሻንጣ አስጭና፣ ተኝታለች። በሳምንቱ አባቴ በሰላም ስለተመለስን ብሎ መካ ወስዶን ዑምራ አደረግን።

ሕመሙ የጀመረው ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ጀመረ ማለትም ይከብደኛል፤ መጀመሪያ ድካም ብቻ ነበር፤ ጀሪካን ስሸከም የዋልኩ ይመስል ወገቤ ይዝላል። ከዚያ ከሰዓት በኋላ፣ በአስር ሰላት አካባቢ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር፣ ጅዳ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ፣ ሰውነቴ ይነድዳል። ማታ ዒሻ ሲደርስ ትኩሳቱ ይወርድና ልብሴ በላብ ይርሳል። ጠዋት ስነሳ ግን ምንም የለም። ቁርስ እበላለሁ፣ እስቃለሁ፣ ሥራ ለመፈለግ ማመልከቻ እልካለሁ። አስር ሲደርስ እንደገና። አባቴ ጠዋት ጠዋት ብቻ ስለሚያገኘኝ መጀመሪያ ላይ ታምሜያለሁ ስለው አላመነኝም። እኔም ራሴን ጠዋት ጠዋት አላምነውም ነበር።

ሰፈራችን ያለው ሙስተውሰፍ፣ ማለት ትንሿ ክሊኒክ፣ ሄድኩ። ሐኪሙ ገና «ሰላሙ ዓለይኩም» ሳይል እኔ ቀደምኩት። ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት፣ ከገጠር፣ ውሃው እንዲህ ነው፣ ትንኙ እንዲህ ነው ብዬ ደረደርኩለት። እኔ መጠበቅ አልችልም፤ ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ ነው የምመልሰው። ሐኪሙም ወባ ነው ብሎ ጠረጠረ። ሰው ከወባ አገር መጥቶ ካተኮሰው ወባ መመርመር ትክክል ነው፤ በዚህ አልወቅሰውም። ደሜን አዩት፣ የለም። የትኩሳት ክኒን ሰጥቶ ላከኝ። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። ሌላ ሐኪም ነው፣ ያንኑ ከኢትዮጵያ የሚለውን ደገምኩለት፣ ያንኑ ወባ ደገመ፣ የለም።

ሌላ ክሊኒክ ሄድን። እዚያ ታይፎይድ አሉኝ። የደም ምርመራው ትንሽ ነገር አሳይቷል አሉ። የሳምንት መድኃኒት ዋጥኩ። አራት ቀን ተሻለኝና ሽሮ በላሁ፣ ቤት ጠረግኩ፣ ዳንኩ ብዬ ለጓደኞቼ ጻፍኩ። በአምስተኛው ቀን አስር ላይ ያው ብርድ መጣ፤ አሁን ደግሞ የዳሌዬን መገጣጠሚያ ይዞ። ከወንበር ስነሳ እንደ አሮጊት «ያ አላህ» እላለሁ።

የዚያ ክሊኒክ ማረፊያ ክፍል አሁንም ይታየኛል። የሴቶቹ በኩል ኤሲው በቀጥታ ወንበሬ ላይ ይነፋል፣ ተራ ቁጥሬ ሩቅ ነው፣ እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ነው፣ ኡሚ መስኮቱ ጋ ሄዳ ስለ ተእሚን ትከራከራለች። ተእሚን የጤና ኢንሹራንሱ ነው፤ በአባቴ ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃዱ ሥር ስለሆንኩ ለእያንዳንዱ ምርመራ ፈቃድ መምጣት አለበት፣ ፈቃዱ ደግሞ ይቆያል። አጠገቤ አንዲት የመናዊት አሮጊት ተቀምጣለች። ምንም ሳትጠይቀኝ ሻሏን አውልቃ እግሬ ላይ ደረበችልኝ። ተራዋ ደርሶ ስትጠራ ሻሉን እኔ ጋ ትታው ገባች። ስትወጣ ልመልስላት ስል በእጇ «ተይው» አለችኝና ሄደች። እስካሁን እኔ ጋ ነው።

የዚያን ቀን ያገኘሁት ሐኪም ጥሩ ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር። ያልፈላ ወተት እዚያ ጠጥተሻል ወይ አለኝ። ወላሂ አንድ ጠብታ አልቀመስኩም አልኩት፣ በኩራት። ኩባያዬን፣ ማንኪያዬን ሁሉ ተረክሁለት። ራሱን ነቅንቆ ወደ ሌላ ነገር አለፈ። በሩን በገዛ እጄ ዘጋሁት፣ እሱም አመነኝ።

ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። ጎረቤታችን የምርቃት ፎቶሽን ለጥፈሽ ዓይን በልቶሽ ነው አለችኝ፤ ቁርአን የተቀራበት የዘምዘም ውሃ አመጣችልኝ፣ ጠጣሁ። ዱዓን አልንቅም፤ ብቻ አስር ላይ ያው ብርድ መጣ። አንድ ምሽት ኡሚ ላቤን በፎጣ እየጠረገች እያለ ድንገት ተነስታ ስልኳን አነሳች። እህቷ ጋ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ልጄን ምን አብልተሽ ነው የላክሽልኝ?»

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጽፈውም። እቴቴ ያለችው አልተሰማኝም፤ የኡሚ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ድስትሽ፣ ውሃሽ፣ እጅሽ እያለች። በማግስቱ ቅቤውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመረችው። ማሩን አባቴ ቀድሞ አንስቶ መኪናው ውስጥ ደብቆታል፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ከዚያ ቀን በኋላ መደዋወል አቆሙ። ከሃያ ዓመት በላይ በየጁምዓው የሚደዋወሉ ሰዎች። ጁምዓ ሲመጣ ኡሚ ስልኳን ገልብጣ ታስቀምጠዋለች።

እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ማለት እችል ነበር፤ ኡሚ፣ እኔ እኮ እቴቴ ቤት ምንም አልነካሁም፣ ከየት ያመኛል ማለት። ግን እኔም አላወቅኩትም። ምናልባት ፊቴን የታጠብኩበት ውሃ ነው፣ ምናልባት እንጀራው ነው፣ ምናልባት ያቺ ዝንብ ናት። የሆነ ነገር ከዚያ ይዤ መጥቻለሁ የሚለውን ነገር ያመንኩት ከማንም በላይ እኔ ነኝ።

በዚህ መሀል ሥራ መጣ። የሐጅ ወቅት ነው፤ መካ ዓዚዚያ ሰፈር ውስጥ ሑጃጅ፣ ማለት የሐጅ ተጓዦች፣ በሚያርፉበት አንድ ሕንፃ አማርኛም ዓረብኛም የምትችል፣ ኮምፒውተር ላይ የምትመዘግብ ሴት ይፈልጋሉ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ኡሚ አትሄጂም አለች፣ እኔ ደህና ነኝ ብዬ ሄድኩ። ተስሪህ፣ ማለት የመግቢያና የሥራ ፈቃዱ፣ ወጣልኝ። አስር ከመድረሱ በፊት ሁለት የትኩሳት ክኒን እውጣለሁ፣ ዳሌዬ ሲያመኝ ጠረጴዛው ላይ እደገፋለሁ። ከኢትዮጵያ የሚመጡት ሑጃጆች ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ የፓስፖርት ስማቸውንና የሚጠሩበትን ስም አስማማለሁ፣ ክፍል አሳያለሁ። ይህን ደግሞ እወደው ነበር። ሁለት ቀን ቆየሁ።

በሦስተኛው ቀን ሊፍቱ ጋ ቆሜ የአንዲት እናት ሻንጣ ስገፋ ወለሉ ከሥሬ የሸሸ መሰለኝ። ስነቃ ምንጣፍ ላይ ነኝ፣ ሴትዮዋ ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ አድርገው ግንባሬን በዘምዘም ያርሱልኛል፤ «ልጄ፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ። ሐጅ ሊያደርጉ የመጡት እሳቸው፣ የሚያስታምሙት ግን እኔን።

ከሑጃጆቹ ጋር አንድ ሐኪም ይመጣል። ዶክተር ነስሮ ይባላል፤ የጅግጅጋ ሰው ነው፣ ጎልማሳ፣ ድምፁ ቀስ ያለ። አንዱን ክፍል ክሊኒክ አድርጎታል። አልጋ ላይ አስተኝቶኝ ሲያበቃ እኔ እንደ ልማዴ ጀመርኩ። ከወሎ ነው የመጣሁት፣ ውሃው፣ ትንኙ፣ አጎበሩ፣ ኩባያዬ። እሱ አላቋረጠኝም። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ስጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ልጀምር ስል ነው እጁን ያነሳው።

«ወሎን ሰማሁ» አለኝ። «ወሎ ምንም አልጠጣሽም፣ ምንም አልቀመስሽም፣ ትንኝ እንኳ አልነካሽም። እሺ። ጅዳ ከተመለስሽ በኋላስ?»

«ጅዳ ምን አለ?»

«እኔ ነኝ የምጠይቀው።»

ጅዳ ውሃው የታሸገ ነው፣ ምግቡ የኡሚ ነው አልኩት። ወተትስ አለኝ። ከሱፐርማርኬት ነው የምንገዛው አልኩት።

«ሁሌም?»

«አዎ» ልለው ነበር። የኡሚ ድምፅ ከመኪና መስኮት መጣብኝ።

ከዑምራ ስንመለስ ነው። አባቴ በድሮው የመካ መንገድ ይዞን ሄደ፤ መንገዱ ዳር በሽቦ የታጠሩ ግመሎች ያሉበት፣ ትኩስ ወተት የሚሸጡበት። የግመል ወተት መድኃኒት ነው ይላል አባቴ፤ እሱ ግን ወተት ካየ ሆዱ ይነፋል፣ አይጠጣም። ኡሚ የሐሙስ ጾሟን ይዛለች። እኔ ጠምቶኛል። አንድ ሱዳናዊ ሰውዬ ዓይኔ እያየ አለበና በብረት ሳህን ሰጠኝ፤ ሞቅ ያለ፣ አረፋው እስከ ጠርዙ። ሳህኑን ከእኔ በፊት ማን እንደጠጣበት አላየሁም። እጁን አልኮል አስነካ አላልኩትም። ፈልቷል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ሙሉውን ጨረስኩት። አፌ ዙሪያ አረፋ እንዳለ ራሴን ቀርጬ ዋትስአፕ ስታተስ ላይ ለጠፍኩት። ኡሚ ከመኪናው «ሆድሽ ወተት አይወድም አላልሽም?» አለችኝ። «ይሄ ሌላ ነው ኡሚ፣ ይሄ የመካ መንገድ ነው» አልኳት።

ይህን ለዶክተሩ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ይቅርታ ጠየቀኝ። እሱ ራሱ በግመል ወተት እንዳደገ፣ ስሙን እንደማያጠፋው፣ ግን ሳይፈላ የተጠጣ ከሆነ መጠርጠር ያለበት ሌላ በሽታ እንዳለ ነገረኝ። ብሩሴሎሲስ ይባላል፤ እዚህ ሰዎች ሑማ ማልቲያ ይሉታል። ከግመል፣ ከፍየል፣ ከላም ባልፈላ ወተት ወደ ሰው የሚገባ ተሕዋስ ነው፣ እንስሳው ጤነኛ ሊመስል ይችላል፣ ሳምንታት ቆይቶ ነው የሚነሳው፣ ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፣ ወገብና መገጣጠሚያ ይይዛል። ዶክተሩ ለሆስፒታል ወረቀት ጻፈልኝ፤ በዓረብኛ፣ ከኢትዮጵያ መጣች የሚለውን ሳያስቀድም። መካ ያለ ሆስፒታል ለእሱ ተብሎ የሚሠራውን የደም ምርመራ አደረጉልኝ። ውጤቱ ሲመጣ አለ አሉኝ፣ በግልጽ አለ።

እኔ ግን አሁንም ግራ ገብቶኝ ነበር። ከወሎ አለመሆኑን በምን አወቅክ ብዬ ዶክተሩን ጨቀጨቅኩት። መሐላ አልገባም አለኝ። «ግን አንቺው ነሽ የነገርሽኝ» አለ። «እዚያ የፈላውን አልጠጣሽም፣ እዚህ ያልፈላውን ጠጣሽ። እኔ ከዚህ ሌላ ምን ልበልሽ?»

አባቴ ዓዚዚያ ድረስ መጥቶ ወሰደኝ። ሥራው ቀረ። ሁለት ዓይነት ክኒን፣ ለስድስት ሳምንት፣ ቢሻለኝም እንዳላቋርጥ፤ ካቋረጥኩት ተመልሶ ይመጣል አሉኝ። ከሁለቱ አንዱን ከወተት ጋር አትውሰጂ አለኝ ፋርማሲስቱ። የሳቅኩትን ሳቅ አልገባውም። የመጀመሪያው ቀን ሽንቴ ብርቱካን ሲመስል ደም መስሎኝ ሽንት ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከመድኃኒቱ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ አላነበብኩትም። እናንተ አንብቡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው መሰለኝ አንድ ቀን አስር ሰገድኩና ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ብርዱን ጠበቅኩት። የየመናዊቷን ሻል እግሬ ላይ አድርጌ። አልመጣም። መግሪብ ሆነ፣ አልመጣም። ኡሚ ግንባሬን በእጇ ጀርባ ነካችው፣ ደግማ ነካችው፣ ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ሄዳ ረጅም ሰዓት ቧንቧ ከፍታ ቆየች። ዳሌዬ ግን ለመዳን ቆይቷል፤ አሁንም ደረጃ ስወጣ ትዝ ይለኛል።

ለምታነቡት የምላችሁ ይህን ነው። ሀገር ቤት ስትሄዱ ባትሪም አጎበርም ያዙ። ግን ጥንቃቄያችሁን ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጥላችሁ አትመለሱ። ሐኪም ጋ ስትገቡ የት እንደነበራችሁ ንገሩት፣ ከዚያ ዝም በሉና እሱ ይጠይቃችሁ። ስለ ሁለቱም አገር ንገሩት። እኔ ስለ አንዱ ብቻ አወራሁ፤ ያ ነው ያን ያህል ሳምንት የበላብኝ።

ሌላው ነገር ግን ክኒን የለውም። ኡሚ ውጤቱን ካወቀች በኋላ እህቷ ጋ አልደወለችም። ምን ብዬ አለች፣ በምን አፌ አለች። ጁምዓ ይመጣል፣ ስልኳ ይገለበጣል። ክኒኑን ስጨርስ፣ ስድስተኛው ሳምንት ካለቀ በኋላ ባለው ጁምዓ፣ ኡሚ ጥግ ላይ የስፌት መኪናዋን እያንቀሳቀሰች እያለ እኔ በራሴ ስልክ እቴቴ ጋ ደወልኩ፣ ድምፁንም ከፍ አደረግኩት።

ሰይድ አነሳ፣ ለእቴቴ አቀበላት። ድምፄን ስትሰማ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ አለች፣ በየሰላቱ ስሜን ስታነሳ እንደከረመች ነገረችኝ፣ በላሽ ወይ አለችኝ። አንድ ቃል የወቀሳ የለም። መድኃኒቱን እንደጨረስኩ ነገርኳት። ከዚያ በሽታው ከእናንተ ቤት አይደለም፣ እዚህ መንገድ ላይ ከጠጣሁት ወተት ነው አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሰይድ ስታተስሽን በስልኩ አሳይቶኛል። አረፋው አፍሽ ላይ እያለ። ስትስቂ። እናትሽ የደወለችልኝ ጊዜም ከዓይኔ አልጠፋም።»

ታዲያ ለምን ለኡሚ አልነገርሻትም አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ የተቆጣሁ ይመስላል። የታመመች ልጅ ላይ ነገር አላወራም አለች፣ ሲሻላት ራሷ ትናገራለች ብዬ ነው አለች። ኡሚ ከወንበሯ ተነስታ አጠገቤ መጥታ ቆማለች፤ እጇ ላይ ያልተሰፋ ጨርቅ አለ።

«እቴቴ፣ ያኔ የጠየቅሽኝን ታስታውሻለሽ? ድስቱን ይዘሽ።»

«እንዴት አላስታውስ።»

ሆዴ ነው ልላት እችል ነበር። ሰው አስፈራርቶኝ ነው፣ ግሩፕ ላይ ያሉት ናቸው ልላትም እችል ነበር። ሁለቱም አፌ ላይ መጥተው ነበር።

«አልፈራኋችሁም እቴቴ» አልኳት። «ንቄያችሁ ነው።»